ውክልና የቤት ሽያጭ አይደለም

ጥያቄ፦ «ዱባይ በሰው ቤት ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ኅዳር 2009 ዓ.ም. ወንድሜ በላክሁለት ገንዘብ ቱሉ ዲምቱ ባለ አንድ መኝታ የ20/80 ኮንዶሚኒየም ከዕድለኛዋ በ420 ሺህ ብር ገዛልኝ። ቤቱ ለአምስት ዓመት አይሸጥም ስለተባለ ሦስት ምስክሮች ባሉበት የመንደር ውል ተዋዋሉ፤ ሻጯም ውልና ማስረጃ ሄደው ለወንድሜ ‹እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር› የሚል ውክልና ሰጡት። ከዚያ ወዲህ የባንኩን ዕዳ በሻጯ ስም በየወሩ የምንከፍለው እኛ ነን፤ ቤቱንም አከራይተነዋል። ሻጯ አምና አረፉ። ልጆቻቸው የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ተከራዩን ‹ከእንግዲህ ኪራዩን ለእኛ ነው የምትከፍለው› ብለውታል፤ እሱም ለማንም መክፈል አቁሟል። ውክልናው አልተሻረም። ልጆቹ ሳይቀድሙን ወንድሜ በውክልናው ቤቱን ወደ እኔ ስም ቢያዛውረው አይሻልም? ተከራዩንስ ማስወጣት እችላለሁ?»

ወንድምዎ ያንን ውክልና ይዞ ወደየትኛውም መሥሪያ ቤት እንዳይሄድ ዛሬውኑ ደውለው ይንገሩት። «ሳይቀድሙን እንቅደም» ብለው የሚመክሩ ደላሎች ሞልተዋል፤ ምክራቸው ግን በገንዘብዎ የገዙትን ቤት ጉዳይ በአንድ ፊርማ ወደ ወንጀል የሚለውጥ ነው።

ውክልና ባለቤትነት አያስተላልፍም። ወካይ ለተወካዩ የሚያውሰው እጁን ነው፤ «እኔን ሆነህ ፈርምልኝ» ማለት ነው። ወንድምዎ እስከ አምና ድረስ ቢፈርም ኖሮ የሚፈርመው በሻጯ ስምና በሻጯ ፈንታ ነበር። እሳቸው ሲያርፉ ያዋሱት እጅም አብሯቸው ሄዷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የተለየ ስምምነት ከሌለ ውክልና በወካዩ ሞት እንደሚቀር ይደነግጋል፤ እርስዎ በጠቀሱት የውክልና ቃል ውስጥ ደግሞ ስለ ሞት የተባለ ነገር የለም። «አልተሻረም» ያሉት ማንም ሄዶ ስላላሰረዘው ነው። ውልና ማስረጃ መርዶ አይነገረውም፤ የሚያሳውቀው ሰው ከሌለ ሰነዱ መዝገብ ውስጥ ደኅና መስሎ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ሻጯ መሞታቸውን እያወቀ በስማቸው የሚፈርም ሰው ግን በማታለል ወንጀል ሊከሰስ ይችላል፤ ዝውውሩንም ወራሾቹ በክስ ያፈርሱታል። ያኔ ገንዘብ ከፍለው ቤት የተከለከሉ ሴት መሆንዎ ይቀርና የሟች ንብረት በተንኮል የወሰደ ሰው ተደርገው ይታያሉ።

ሻጯ በሕይወት እያሉ እንኳ መንገዱ ንጹሕ አልነበረም። አንድ ሰው የሻጭም የገዢም ወኪል ሆኖ ሲፈርም ሕጉ ከራሱ ጋር እንደተዋዋለ ይቆጥረዋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2188 ወካዩ እንዲህ ያለውን ውል እንዲያፈርስ ይፈቅድለታል። ብዙ ገዢዎች «የማይሻር ውክልና» የሚል ቃል አስጽፈው ተረጋግተው ይተኛሉ። አንቀጽ 2226 ወካይ በፈለገው ጊዜ ውክልናውን ሊሽር እንደሚችልና ይህን የሚከለክል ስምምነት ዋጋ እንደሌለው ይናገራል። ከውክልናው ጋር ኑዛዜ የሚያጽፉም አሉ፤ ኑዛዜን ግን ተናዛዡ እስትንፋሱ እስካለች ድረስ መለወጥ ይችላል። ያልተበደሩትን ገንዘብ እንደተበደሩ አድርገው የብድር ውል የሚፈራረሙትም ቢሆኑ፣ ነገሩ ቢሳካላቸው እንኳ የሚያገኙት ገንዘብ የመጠየቅ መብት እንጂ ቤት አይደለም።

ወደ መንደር ውሉ፣ ማለትም ውልና ማስረጃ ሳይመዘገብ ወደተፈረመው ውል ልምጣ። ውሉን አላየሁትም፤ ግን መጨረሻው ላይ «ይህ ውል በፍ/ብ/ሕ/ቁ. 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» የሚል መስመር እንዳለው ብወራረድ የምሸነፍ አይመስለኝም። በክፍያ ውልና ማመልከቻ የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች እነዚህን ሁለት ቁጥሮች እንደ ማኅተም ይጠቀሙባቸዋል። አንቀጽ 1731 ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው የሚለው «በሕግ አግባብ ለተቋቋመ» ውል ብቻ ነው። 2005 የጽሑፍ ሰነድ ስላለው የማስረጃ ክብደት የሚናገር ነው። በቤት ሽያጭ ወሳኙ ቁጥር 1723 ነው፤ ይህ አንቀጽ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ሳያሟላ የተደረገ የቤት ሽያጭ እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ በቀረቡ ጉዳዮች ደግሞ ሻጩ ሽያጩን ካልካደ የምዝገባው መጉደል ብቻውን ውሉን አያፈርስም የሚል አቋም ታይቷል። ስለዚህ ሻጯ በሕይወት ቢኖሩና «አዎን፣ ሸጫለሁ» ቢሉ ይህ ክፍተት ሊታለፍ ይችል ነበር። አሁን ይህን የሚሉት ወይም የሚክዱት ልጆቻቸው ናቸው።

ከቅርጹ የከፋው የአምስት ዓመቱ ክልከላ ነው። በመንግሥት ድጎማ የተሠራ ቤት ዕድለኛው በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለሌላ እንዳያስተላልፍ የተከለከለው ቤቱ ለደላላ ገበያ እንዳይውል ነው። ክልከላው ሳያበቃ የተደረገ ሽያጭ ሕገ ወጥ ጉዳይን መሠረት ያደረገ ውል ተብሎ በአንቀጽ 1716 ሊወድቅ ይችላል፤ ውሉ ሲወድቅ ደግሞ «ውሉን ያፈረሰ ይህን ያህል ብር ይቀጣል» የሚለው ሐረግም አብሮ ይወድቃል። ሻጯ ሕጉን ጥሰው ሸጡ፤ እርስዎም ሕጉ ሲጣስ እያወቁ ገዙ። ዳኛው ፊት ስትቀርቡ ሁለታችሁም እጃችሁ ንጹሕ አይደለም፤ የሻጯን ጥፋት ብቻ እየተረኩ ክስ የሚያዘጋጁ ሰዎች ይህን ይረሱታል።

በጣም የሚያሳዝነኝ የባከነው ጊዜ ነው። በ2009 ዓ.ም. ላይ የነበረ የአምስት ዓመት ክልከላ ቢዘገይ በ2014 ዓ.ም. አብቅቷል። ሻጯ ያረፉት አምና ነው። በመካከል ቢያንስ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሻጯ በእግራቸው ውልና ማስረጃ ሄደው፣ የባንኩ ዕዳ ተከፍሎ ወይም ባንኩ ተስማምቶ፣ ንጹሕ የሽያጭ ውል መፈረም ይቻል ነበር። ምናልባት የባንኩን ቀሪ ዕዳ በአንድ ጊዜ መዝጋት ከበደ፣ ምናልባትም «ውክልናው አለ፣ ምን ያስቸኩላል?» ተባለ። በእጄ ካለፉት የዚህ ዓይነት ጉዳዮች አብዛኞቹ የተበላሹት በዚህች «ምን ያስቸኩላል» ነው።

ሆኖም እነዚያ ዓመታት ለክርክር ይጠቅማሉ። ክልከላው ካበቃ በኋላ ሻጯ ሽያጩን የሚያረጋግጥ ነገር አድርገው ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀሪ ክፍያ ተቀብለው ደረሰኝ ፈርመው፣ ለባንኩ ወይም ለቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ጽፈው፣ ለወንድምዎ «ቤቱ የእናንተ ነው፣ እንጨርስ» የሚል የስልክ መልእክት ልከው ከሆነ፣ ስምምነቱ ከክልከላው በኋላ ታድሷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ያሸንፋል ብዬ ግን ቃል አልገባም፤ የ1723 ጥያቄ አሁንም መልስ ይፈልጋል። ከወራሾቹ አንዱ በመንደር ውሉ ላይ ምስክር ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ደግሞ ነገሩ በእጅጉ ይለወጣል። ወንድምዎን መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ይሁን።

ልጆቹም ያልተረዱት ነገር አለ። የወራሽነት ማስረጃ ማን ወራሽ እንደሆነ ይናገራል እንጂ ምን እንደወረሰ አይናገርም። ቤቱ በእናታቸው ስም መመዝገቡ ይጠቅማቸዋል፤ ማስረጃው ግን በራሱ ቤቱን የእነሱ አያደርገውም፤ ግዴታቸውንም አያጠፋም። በአንቀጽ 826 መሠረት የሟች መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታውም ወደ ወራሾቹ ይተላለፋል። እናታቸው የተቀበሉት 420 ሺህ ብር እና እናንተ ስትከፍሉት የኖራችሁት የባንክ ዕዳ ከውርሱ ላይ የሚጠየቅ ነው። ሟቿ ባል ከነበራቸው ሌላ ክር ይመዘዛል። በአዲስ አበባ የሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንዳይሸጥ ያደርጋል፤ ያልፈረመው ተጋቢ ግን ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ በሁለት ዓመት ውስጥ መቃወም ነበረበት።

«ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ዕዳ ስከፍል ኖሬ እንዴት ባለቤት አልሆንም?» ማለትዎ አይቀርም። የሌላ ሰው ዕዳ መክፈል ያንን ገንዘብ የመጠየቅ መብት ይሰጣል እንጂ ባለቤት አያደርግም። በይዞታ ብዛት ባለቤት ስለመሆን የሚናገረው አንቀጽ 1168 የሚጠይቀው አሥራ አምስት ዓመት ያለማቋረጥ ግብር መክፈልን ነው፤ ለእርስዎ አይደርስም። ቢሆንም ወርኃዊውን ክፍያ አያቋርጡ። ቤቱ በባንኩ ዋስትና ተይዟል፤ ክፍያው ከቆመና ባንኩ ለሐራጅ ካወጣው እርስዎም ልጆቹም ባዶ እጃችሁን ትቀራላችሁ። ደረሰኙን ይያዙ፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ በሚያሳይ የባንክ ዝውውር እንጂ በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፈል ይንገሩ።

የገንዘቡን ስሌት ሳያዩ ወደ ክስ አይግቡ። ፍርድ ቤቱ ውሉን ፈራሽ ካለ ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ፤ 420 ሺህ ብርዎ ይመለሳል። ሕጋዊው ወለድ በአንቀጽ 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ነው፤ ይህ በዓመት 37,800 ብር ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቢታሰብልዎት እንኳ፣ ይህም ብዙ ጊዜ የሚያከራክር ነው፣ ወለዱ 340,200 ብር፣ ድምሩ 760,200 ብር ይሆናል። ለባንኩ የከፈላችሁትና ለቤቱ ማሻሻያ ያወጣችሁት ይጨመርበታል፤ ስትቀበሉት የኖራችሁትን ኪራይ ደግሞ ሌላው ወገን «ይቀነስልኝ» ይላል። በዚህ ገንዘብ ዛሬ ያንኑ ቤት መልሰው እንደማይገዙት ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ሕጉ የብሩን ቁጥር ይመልሳል፤ ብሩ በ2009 ዓ.ም. የነበረውን አቅም አይመልስም። የመንደር ውል ትልቁ ወጪም ይኸው ነው።

ያልነገሩኝ ነገር አለ፤ በውሉ ላይ «ገዢ» ተብሎ የተጻፈው ማን ነው? የወንድምዎ ስም ብቻ ከሆነ፣ በራሱ ስም የተዋዋለ ሰው መብቱንም ግዴታውንም በራሱ ይወስዳል። ለልጆቹም ለፍርድ ቤቱም ገዢው እሱ ነው፤ እርስዎ የሚጠይቁት ወንድምዎን ይሆናል። ወንድምዎን አልጠረጠርኩትም። ግን እሱም ሰው ነው፤ ሊያገባ፣ ሊታመም፣ ሊሞት ይችላል፤ የእሱ ወራሾች ደግሞ ነገ «ቤቱ የአባታችን ነው» ሊሉ ይችላሉ። ገንዘቡ የእርስዎ መሆኑን በፊርማው አረጋግጦ በውልና ማስረጃ እንዲያስመዘግብ ያድርጉ። በባንክ የላኩበት ማስረጃ ካለ ይሰብስቡ። በሐዋላ ሰዎች እጅ የላኩት ከሆነ ዱካው ቀጭን ነውና የወንድምዎ ጽሑፍ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ተከራዩን አይንኩት። ሁለት ሰዎች በየፊናቸው «ለእኔ ክፈል» ሲሉት ለማንም አለመክፈሉ ከፍርሃት ነው፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እጄን እሰበስብ ነበር። ማን ሊከፈለው እንደሚገባ ያልታወቀለት ባለዕዳ ገንዘቡን በፍርድ ቤት ትእዛዝ በአደራ ማስቀመጥ ይችላልና ይህን እንዲያደርግ ይጠይቁት፤ ኪራዩም ከጭቅጭቅ ይወጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል፤ እርስዎና ወራሾቹ በመጣላታችሁ ተከራዩ ቤት አይለቅም። መብራት ማስቆረጥ፣ ቁልፍ መቀየር፣ ዕቃ ማውጣት በራስ ላይ ክስ መጋበዝ ነው። ደግሞም ተከራዩ ለእርስዎ ጥሩ ምስክር ነው። ዓመታት ሙሉ ቤቱን የያዛችሁት በእሱ በኩል ነው፤ ይዞታን በሌላ ሰው አማካይነት መያዝ ይቻላል። ልጆቹ በጉልበት ገብተው ቤቱን ቢወስዱ በአንቀጽ 1149 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ የሁከት ይወገድልኝ ወይም የይዞታ ይመለስልኝ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ይህ ክስ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይወስንም፤ በጉልበት የተወሰደውን ግን ያስመልሳል።

ምክሬ አንድ ነው፤ ክስ መሥርተው እግድ ያውጡ፣ በእግዱ ጥላ ሥር ታረቁ። ቅደም ተከተሉን አይለውጡት። ሳያግዱ ሽማግሌ ከላኩ ልጆቹ እየተሸማገሉ ቤቱን በሕጋዊ ውል ለሌላ ሊሸጡት ይችላሉ፤ በቅን ልቦና ገዝቶ በስሙ ያስመዘገበን ሰው ማስለቀቅ ከባድ ነው። እግድ የሚጠየቀው ክስ ተመሥርቶ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ንብረቱ ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ማዘዝን ይፈቅዳል። ትእዛዙ እንደወጣ የቤቱ ማኅደር ላለበት መሥሪያ ቤት፣ ለባንኩና ለውልና ማስረጃ በግልባጭ መድረሱን ያረጋግጡ፤ መዝገብ ቤት የቀረ እግድ ማንንም አያግድም። በክሱ ላይ በዋነኛነት ውሉ እንዲፈጸም፣ ይህ ባይሆን በአማራጭ የከፈላችሁት ገንዘብ ሁሉ ከነወለዱ እንዲመለስ ይጠይቁ። አማራጩን ሳይጽፉ የቀሩ ሰዎች በአንደኛው ሲሸነፉ እንደገና በአዲስ ክስ ደጅ ሲያንኳኩ አይቻለሁ።

ይህ ሁሉ የሚቸኩልበት ምክንያት አለ። በአንቀጽ 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ክስ በጠቅላላው በአሥር ዓመት ይታገዳል። ጊዜው ከመቼ ጀምሮ ይቆጠራል የሚለው ቢያከራክርም እርስዎ በጣም ጥብቅ የሆነውን ቀን ይያዙ፤ ከኅዳር 2009 ዓ.ም. ከተቆጠረ ኅዳር 2019 ዓ.ም. ላይ በሩ ይዘጋል።

ዕርቁን በሚመለከት፣ ልጆቹ የሚፈሩት ነገር እንዳላቸው አይርሱ። ቤቱ ታግዶ ዓመታት ሊቆይባቸው ይችላል፤ የባንኩ ዕዳ ይቀጥላል፤ ቢያሸንፉ እንኳ የሚመልሱት ገንዘብ በእጃቸው ላይኖር ይችላል። ስለዚህ በእናታቸው ዋጋና በዛሬው ዋጋ መካከል የሆነ ተጨማሪ ገንዘብ አቅርበው ይነጋገሩ። «ሁለተኛ ጊዜ ልከፍል ነው?» ብለው መቆጣትዎ አይፈረድብዎትም፤ ሆኖም ከላይ ያሰላሁትን 760 ሺህ ይዘው በዛሬ ዋጋ ቤት ከመፈለግ ጋር ሲያነጻጽሩት ብዙ ጊዜ ይኼኛው ይረክሳል። ስምምነቱን የሽማግሌዎች ወረቀት ላይ አይተዉት። ለችሎቱ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ከዚያ ሁሉም ወራሾች በውልና ማስረጃ ቀርበው የሽያጭ ውሉን በቀጥታ ለእርስዎ ይፈርሙ። ከመካከላቸው 18 ዓመት ያልሞላው ካለ ሞግዚቱ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይዞ ካልፈረመ ነገ ያ ልጅ አድጎ ይመጣል። አንዱ ወራሽ «እኔ ለሌሎቹም እፈርማለሁ» ካለ ውክልናውን አይታችሁ እንጂ በቃሉ አትመኑ። ተጨማሪው ገንዘብም ከፊርማው በፊት ከእጅዎ አይውጣ፤ በባንክ የክፍያ ማዘዣ ተዘጋጅቶ ፊርማው ሲያልቅ ይሰጥ።

እርስዎ ለዚህ ሁሉ አዲስ አበባ መምጣት አይጠበቅብዎትም። ዱባይ ባለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ለወንድምዎ አዲስ ውክልና ይስጡ፤ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከተረጋገጠ በኋላ ይሠራበታል። ወንድም በፍርድ ቤት ሊወክልዎ ይችላል፤ የክስ ጽሑፉን ግን ጠበቃ ያዘጋጀው። በውክልናው ላይ ሥልጣኑ አንድ በአንድ ይጻፍ፦ ክስ መመሥረት፣ እግድ መጠየቅ፣ በጽሑፍ ባጸደቁት መጠን መታረቅ፣ ቤቱን በእርስዎ ስም መግዛት። «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚለውን የቆንስላው ጸሐፊ ከቅጹ ላይ ቢያነብልዎት ያስወጡት።